የቤጎኒያን የሥር ድንች በፍግ ሙቀት ቀስቅሶ ለዕንቁጣጣሽ ስለ ማድረስ

በሽሮ ሜዳና በእንጦጦ ግርጌ ለሚኖሩ አትክልተኞች፣ እንዲሁም ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

አበባ እንደ እህል ጎተራ ገብቶ ዋጋ እስኪወደድ አይጠብቅም። ገበያው ቀን አለው። ዕንቁጣጣሽ መስከረም 1 ቀን፣ መስቀልም መስከረም 17 ቀን ይውላል። በነዚህ በዓላት ዋዜማ የሀገር ልብስ ለመግዛት ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ነው። በዚያን ጊዜ በሸክላ የተተከለ ያማረ አበባ ይዞ የሚቀርብ ሰው ድካሙ ዋጋ ያገኛል። በዓሉ ካለፈ በኋላ የሚፈነዳ አበባ ግን ለባለቤቱ ዓይን ከማስደሰት በቀር እምብዛም ጥቅም አይሰጥም። ስለዚህ የአበባ አትክልተኛ ሥራውን የሚጀምረው ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ በመቁጠር ነው።

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ቤጎኒያ የተባለውን፣ እንደ ድንች ያለ ሥር ያለውን የአበባ ዓይነት ነው። ይህንኑ ሥር ለአጠራር እንዲያመች የሥር ድንች እንለዋለን።

ስለ ተክሉ ጠባይ

የዚህ ቤጎኒያ የዱር ዘሮች የተገኙት በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች፣ በተለይም በቦሊቪያና በፔሩ ደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሪቻርድ ፒርስ የተባለ የእንግሊዝ ተክል ሰብሳቢ አንዳንዶቹን ወደ እንግሊዝ አገር ላከ፤ ከዚያም አትክልተኞች እያዳቀሉ ዛሬ የሚታየውን ትልቅና ድርብ አበባ አስገኙ። ከደጋ የመጣ ተክል በመሆኑ ብርቱ ፀሐይና ከባድ ሙቀት አይወድም። ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የሽሮ ሜዳ ቀዝቃዛ አየር ላደገው ተክል ይስማማዋል። የሚያስቸግረው መጀመሪያው ነው፤ የተኛው የሥር ድንች በቀዝቃዛና በእርጥብ አፈር ውስጥ ከተቀመጠ ሳይበቅል ይበሰብሳል።

በእንግሊዝ አገር ለአበባ ውድድር የሚያቀርቡ ሰዎች ክረምታቸው ሳያልቅ በመስተዋት ቤት ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ በሚሞቅ የማብቀያ ሣጥን የሥር ድንቹን ይቀሰቅሳሉ። ሣጥኑ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ አፈሩን ከሥር በኩል ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቃል። ይህን ያህል ሙቀት ግን ትኩስ የፈረስ፣ የበቅሎና የአህያ ፍግም ይሰጣል። መብራት ቢጠፋም ፍግ አይጠፋም።

የሞቀ መደብ አሠራር

1ኛ፤ በመጋቢት ወር መጀመሪያ፣ ከነፋስ በተከለለና ውሃ በማይተኛበት ቦታ 60 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ 1 ሜትር ስፋትና እንደ ፍላጎታችሁ ርዝመት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ።

2ኛ፤ ትኩስ የጋማ ከብት ፍግ ከጭድ ጋር ቀላቅሉና ጥቂት ውሃ አርከፍክፉበት፤ ከዚያም በጉድጓዱ ውስጥ እየረገጣችሁ ሙሉ። የላም እበት ብቻውን ሙቀቱ ደካማ ስለሆነ ለዚህ ሥራ እምብዛም አይበጅም።

3ኛ፤ በላዩ 10 ሳንቲሜትር ያህል አፈር አልብሱ። ዙሪያውን በጣውላ ከልላችሁ በአሮጌ መስኮት ወይም ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ክደኑት።

4ኛ፤ ፍጉ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች በኃይል ይግላል፤ ሥር የሚያቃጥል ትነትም ያወጣል። ስለዚህ ክዳኑን በየቀኑ ጥቂት እየገለጣችሁ እስኪበርድ ታገሡ። ቴርሞሜትር ብትገዙ መልካም ነው። ከሌላችሁ ዘንግ ወደ መደቡ ሰክታችሁ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነቅላችሁ በእጃችሁ ያዙት፤ ገና ከላም ጡት እንደ ወጣ ወተት የሚሞቅ ከሆነ ለመትከል ጊዜው አልደረሰም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በጋለ መደብ ላይ የተቀመጠ የሥር ድንች ይቀቀላል።

የሥር ድንቹን ስለ መትከል

ከመጋቢት 20 እስከ ሚያዝያ 5 ቀን ባለው ጊዜ የሥር ድንቹን አንድ በአንድ መርምሩ። የለሰለሰ ወይም የሻገተ ቦታ ቢኖር በንጹሕ ቢላዋ ጤነኛው ክፍል እስኪታይ ቆርጣችሁ የድኝ ወይም የከሰል ዱቄት ቀቡት፤ ከዚያም ጥቂት ቀን አድርቁት።

ጥልቀት የሌለው ሣጥን ወስዳችሁ 2 እጅ የበሰበሰ ቅጠልና 1 እጅ አሸዋ ቀላቅላችሁ ሙሉት። በእንጦጦ ግርጌ ለምትኖሩ በተለይ የምናሳስበው፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንዳትጠቀሙ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል የሌላውን ተክል እድገት የሚያቀጭጭ ነገር አለው፤ ከደረቀም ውሃ አልቀበል ይላል። የኮሶ፣ የወይራ ወይም የዋንዛ ቅጠል ብስባሽ ይሻላል።

የሥር ድንቹ አንድ ወገኑ ክብ፣ ሌላው ወገኑ ጎድጎድ ያለ ነው። ቡቃያው የሚወጣው ከጎድጓዳው በኩል ስለሆነ፣ ጎድጓዳውን ወደ ላይ አድርጋችሁ እስከ ከንፈሩ ድረስ በአፈሩ ውስጥ አስቀምጡት። ሣጥኑን በሞቀው መደብ ላይ አድርጉ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር ደረስን። ውሃ የሚጠጣው ቅጠልና ሥር ያለው ተክል ነው፤ የተኛ የሥር ድንች ገና ሁለቱም የሉትም። ስለዚህ አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ ሳይንጠባጠብ እንዲያው የሚረጥብ ብቻ ይሁን። ውሃ ስትሰጡ በዙሪያው አጠጡ እንጂ በጎድጓዳው ውስጥ አታፍስሱ። በጎድጓዳው የተኛ ውሃ ቡቃያውን ያበሰብሰዋል። ቡቃያው ብቅ ካለ በኋላ ግን ሥር ከጎንና ከላይም ስለሚወጣ ጥቂት አፈር አልብሱት።

ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ቅጠሎቹ ሲታዩ፣ ወደ ትንሽ ሸክላ አዛውሩ። ግንቦት ሲያልቅ ሥሩ ሸክላውን ስለሚሞላ ወደ ትልቁ ሸክላ ይዛወራል። ሸክላው ከሥሩ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል።

ስለ ብርሃን

ሙቀት ተክሉን ይቀሰቅሰዋል፤ ነቅቶ እንዲቆይ የሚያደርገው ግን የቀን ርዝመት ነው። ይህ ቤጎኒያ በቀን 14 ሰዓት ያህል ብርሃን ሲያገኝ ቅጠልና አበባ ያወጣል። ብርሃኑ ወደ 12 ሰዓትና ከዚያ በታች ሲያጥር ግን ማበቡን ትቶ ሥሩን ያወፍራል፤ ኋላም ይተኛል። በእንግሊዝ አገር በበጋ ቀኑ ረጅም ስለሆነ አትክልተኛው ስለዚህ አይጨነቅም። በአዲስ አበባ ግን ረጅሙ ቀን በሰኔ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ በታኅሣሥም ከ12 ሰዓት በታች ይወርዳል። ስለዚህ በኛ አገር ሙቀት ብቻ አይበቃም። ከሚያዝያ ጀምሮ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለ2 ሰዓት ያህል ከተክሉ በላይ አምፖል ማብራት ያስፈልጋል። ቀኑ ከ12 ሰዓት የሚበልጥበትን ወራት፣ ማለት ከመጋቢት እስከ መስከረም ያለውን፣ ለዚህ ሥራ የመረጥነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ክረምትና እምቡጥ

በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ብርቱ ነው። ተክሉን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ጣራ ሥር አኑሩ፤ ጎኑን ግን ለነፋስ ክፍት ተዉት። አየር ካጣ በቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ይወጣል፤ ግንዱም ይበሰብሳል። የታመመ ቅጠል እንደታየ ቆርጣችሁ ከአትክልቱ ስፍራ አርቁ። ግንዱ ውሃ የሞላበትና ተሰባሪ ስለሆነ በዘንግ ይደገፍ።

እስከ ሐምሌ 15 ቀን ድረስ የሚወጣውን እምቡጥ ሁሉ በጣታችሁ ቀንጥሱ። ይህ የሚያሳዝን ቢመስልም ተክሉ ጉልበቱን ለበዓሉ እንዲያስቀምጥ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው እምቡጥ እስኪፈነዳ 6 ሳምንት ያህል ስለሚወስድ ለዕንቁጣጣሽ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ በአንድ ዘለላ 3 እምቡጥ ይታያል። መካከለኛው፣ ትልቅና ድርብ የሚሆነው፣ ወንዴው ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ነጠላ አበባዎች ሴቴ ናቸው፤ ከበስተኋላቸው ባለ 3 ክንፍ የዘር ቋት ስላለ ይለያሉ። አበባው ግዙፍ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ሴቴዎቹን አንሱ።

ከበዓሉ በኋላ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ውሃውን ቀስ በቀስ ቀንሱ። ግንዱ በራሱ ሲወድቅ የሥር ድንቹን አውጥታችሁ አድርቁ፤ በደረቅ አሸዋ ውስጥ፣ ውርጭ በማይነካው ቦታ እስከ መጋቢት ያቆዩት። አንድ ጊዜ የተገዛ የሥር ድንች በጥንቃቄ ከተያዘ ለብዙ ዓመት ያገለግላል።

ለልማት ሠራተኞች

የሥር ድንቹ ከውጭ አገር የሚመጣ ከሆነ የተክል ጤና ማረጋገጫ ሊኖረውና በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የኳራንቲን ቁጥጥር ሊያልፍ ይገባል። ሰው ከባሕር ማዶ በሻንጣው ይዞት የመጣውን ተቀብላችሁ አታከፋፍሉ። አፈር የነካው ሥር በዓይን የማይታይ ትልና የበሽታ ዘር ሊይዝ ይችላል፤ ጉዳቱም አበባ ካለው ጓሮ አልፎ ወደ ጎረቤት የድንች ማሳ ሊደርስ ይችላል።

ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ገንዘብ እንዳያወጣ ምከሩት። በ10 የሥር ድንች ይጀምር፤ 5ቱን በሞቀው መደብ ላይ፣ 5ቱን ያለ ሙቀት በተራ አፈር ላይ ያስቀምጥ። የተተከለበትን ቀን፣ የአፈሩን ሙቀት፣ የበቀለውንና የበሰበሰውን ብዛት በደብተር ይጻፍ። ጎረቤቶቹም በ4ኛው ሳምንት መጥተው ሁለቱን ያነጻጽሩ። ለገበሬ ከቃል ይልቅ ያየው ነገር ያስተምረዋል።

ከትምህርቱ በኋላ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. የተኛ የሥር ድንች ብዙ ውሃ ቢሰጠው ስለ ምን ይበሰብሳል?

2. የፍግ መደብ በተሞላበት ዕለት የሥር ድንቹን ማስቀመጥ ጉዳቱ ምንድር ነው?

3. በአዲስ አበባ በመሸ ጊዜ አምፖል ማብራት ስለ ምን አስፈለገ?

4. አበባው ለመስከረም 17 ቀን እንዲደርስ ብትፈልጉ እምቡጥ መቀንጠስ የምታቆሙት መቼ ነው? ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ መልሱ።