ሁለት ጎረቤት፣ ሁለት ገንዘብ

በየካ፣ ሾላ ገበያ አንድ ኩንታል ጤፍ አጠገብ ቆመው ያስቡት። እስከ ጥቅምት 1990 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ ነጋዴው ይህን ኩንታል አስመራ ወስዶ ቢያራግፈውም ሒሳቡን የሚቀበለው በብር ነበር። ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ ግን ጥያቄ ተነሣ፤ አንድ ናቅፋ በስንት ብር? አስመራ አንድ ለአንድ ይሁን፣ ሁለቱም ገንዘብ በሁለቱም አገር ይሥራ አለች። አዲስ አበባ አልተቀበለችም፤ ከ2,000 ብር ከማይበልጠው የጠረፍ ንግድ በቀር ሌላው በውጭ ምንዛሪና በኤል.ሲ. ይሁን አለች።

ኤል.ሲ. ማለት የገዢው ባንክ «ሰነዱ ተሟልቶ ከቀረበ ለሻጩ እከፍላለሁ» ብሎ የሚገባው ግዴታ ነው። ለትልቅ አስመጪ የዘወትር ሥራ ነው፤ ዶላር አይቶ ለማያውቅ የእህል ነጋዴ ግን በር መዝጋት ነው። ግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲነሣ የቀረውም ንግድ ቆመ።

ታዲያ ጥፋቱ የገንዘቡ ሁለት መሆን ነው? አይመስለኝም። ኦስትሪያም ከጀርመን የተለየ ሺሊንግ ነበራት። ሆኖም ከ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ በ1999 ዩሮ እስኪመጣ ድረስ አንዱን ማርክ በ7 ሺሊንግ ገደማ አጽንታ ይዛለች። ሸክሙ የብሔራዊ ባንኳ ብቻ አልነበረም። የሠራተኛ ማኅበራቷ የደመወዝ ጥያቄያቸውን ስለሚመጥኑ የኦስትሪያ ዕቃ ከጀርመኑ ጋር በዋጋ ሊወዳደር ችሏል። ብርና ናቅፋ ግን በተመናቸው ላይ ስምምነት ሳይደረስ ነው ድንበር ላይ የተገናኙት።