ተዋጊው ዓሣና የመስታወት ግድግዳው

ቤታ የተባለውን፣ ክንፉ እንደ ሐር መጋረጃ የሚንሳፈፈውን ዓሣ አንድ ጊዜ ያየ ሰው፣ ሁለትና ሦስቱን በአንድ ገንዳ ለማኖር መመኘቱ አይቀርም። መልሱን አስቀድመን እንስጥ፤ ሁለት ወንዶች በአንድ ገንዳ አይኖሩም። ሴቶቹን በብርቱ ጥንቃቄ አብሮ ማኖር ይቻል ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክንያቱን መመርመር ነው። የምክንያቱ ከፊል በዓሣው ጠባይ፣ ከፊሉ ደግሞ በገንዳው አሠራር ውስጥ ይገኛል።

የቤታ አገር ታይላንድ ነው። በዚያ «ፕላ ካት» ይሉታል፤ ነካሽ ዓሣ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሪቱ ብሔራዊ የውኃ እንስሳ ተብሎ ተሰይሟል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የዘረ መል ጥናት ሰው ይህን ዓሣ ማላመድ ከጀመረ ቢያንስ 1000 ዓመት እንደሆነው አመልክቷል። ለፍልሚያ እየተመረጠ የተዳቀለው ዘር ከዱር ዘመዶቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይዋጋል።

በሩዝ ማሳና በረግረግ የሚኖረው የዱር ቤታ ፀቡ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። ወንዱ የአረፋ ጎጆ ሠርቶ እንቁላል የሚጠብቅበትን ጠባብ ሥፍራ ይከላከላል፤ የተሸነፈው ሣር ውስጥ ገብቶ ይሰወራል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። በገንዳ ውስጥ ግን መሸሽ እንጂ መሄድ የለም። ተሸናፊው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ዋኝቶ ከግድግዳው ይላተማል፤ በአሸናፊው ዓይን ባላጋራው አሁንም በግዛቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሽንፈት ፀቡን አያቆመውም።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። በቋንቋችን «መስታወት» የሚለው ቃል የመስኮቱንም የመልክ ማያውንም መጠሪያ ነው፤ ለቤታ ሁለቱ በእርግጥም አንድ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ወንዱ መልክ ማያ ሲቀርብለት የገዛ ምስሉን እንደ ባላጋራ ቆጥሮ የስንጥቡን ክዳን ይገልጣል፤ ክንፉንም ይዘረጋል። ዓሣው የገንዳውን ግድግዳ ፊት ለፊት ሲመለከት ወደ እርሱ የሚመለሰው ብርሃን ከመቶ 4 ያህል ብቻ ነው። ክፍሉ ብሩህ ከሆነ ይህ አይታወቅም፤ ማታ ክፍሉ ጨልሞ የገንዳው መብራት ብቻ ሲበራ ግን ምስሉ ጎልቶ ይወጣል።

የሌላው ዓሣ ምስል ከዚህ ይብሳል። ከውኃ ወደ አየር የሚጓዝ ብርሃን፣ ለገጹ ቀጤ ነክ ከሆነው መስመር ጋር ከ49 ዲግሪ የሚበልጥ ማዕዘን ሠርቶ ሲመጣ ፈጽሞ አይወጣም፤ መላው ወደ ውኃው ይመለሳል። የዚህ ወሳኝ ማዕዘን ሳይን 1 ሲካፈል ለ1.33፣ ማለትም 0.75 ነው። በመካከል ያለው መስታወት ሁለቱ ገጾቹ ትይዩ በመሆናቸው ስሌቱን አይለውጠውም። ሁለት ዓሦች ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር፣ እርስ በርሳቸው ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ ማዕዘኑ 56 ዲግሪ ይሆናል። እንግዲህ እያንዳንዱ ሌላውን ሁለት ጊዜ ያየዋል፤ አንዱን በቀጥታ፣ ሁለተኛውን ከግድግዳው ማዶ፣ ያለ አንዳች መደብዘዝ። ሦስት ጎረቤት ያላት ዓሣ በአንድ ግድግዳ ምክንያት ብቻ ስድስት ልትቆጥር ትችላለች። የውኃው ገጽም ከታች ሲታይ ይህንኑ ያደርጋል፤ ስለሆነም ወለሉ ላይ የተደረደረ ድንጋይ ወይም አጭር ተክል ጥሩ ግርዶሽ አይደለም። ግርዶሽ እስከ ውኃው ገጽ መድረስና ከግድግዳው ጋር መግጠም ይኖርበታል።

ሌላም ነገር አለ። ሩዊ ኦሊቬራ፣ ፒተር ማክግሬጎርና ክሌር ላትሩፍ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ የሁለት ወንዶችን ፍልሚያ ከጎን ሆኖ የተመለከተ ሦስተኛ ቤታ ተሸናፊውን ለመቅረብ ፈጣን፣ አሸናፊውን ለመቅረብ ግን ዘገምተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ፍልሚያውን ካላየ ይህን ልዩነት አላሳየም። በጋራ ገንዳ ውስጥ የተሸነፈ ዓሣ ሽንፈቱ ከጎረቤት አይሰወርም ማለት ነው።

ቤታ በጠባብ ዕቃ ስለማይሞት ሥፍራ አያስፈልገውም የሚል አስተሳሰብ በሰፊው ይሰማል። ይህ ስሕተት ነው። አንድ ሊትር አየር በባሕር ወለል ከፍታ 270 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ አንድ ሊትር ሞቅ ያለ ውኃ 8 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ይይዛል፤ የአየር ግፊቱ ከዚያ ሦስት አራተኛ በሆነባት አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 6 ይወርዳል። ቤታ ከስንጥቡ በላይ ባለው ልዩ የመተንፈሻ አካል አየር ስለሚስብ ይህን ይቋቋማል። ነገር ግን ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት ግድ ይለዋል። ወንዱ ጎጆውን የሚሠራው በዚያው በውኃው ገጽ ላይ ነው። ተደብቆ የቆየው ተሸናፊ በመጨረሻ አየር ፍለጋ የሚወጣው ወደ ጠላቱ ደጃፍ ነው።

ሴቶችን አብሮ ለማኖር የሚፈልግ፣ አብረው ያደጉትን አምስት ወይም ስድስት መርጦ ከ75 ሊትር በማያንስ፣ ከቁመቱ ይልቅ ርዝመቱ በሚበልጥ ገንዳ ቢያኖራቸው፣ ተክሉንም ቢያበዛ ይመረጣል። ከሁለት ይልቅ አምስት መሆናቸው ጥቃቱ በአንዷ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ይረዳል። ይህም ሆኖ ከወራት ሰላም በኋላ ፀብ ሊነሣ ይችላል። ክንፏ የተቀደደ፣ ጥግ ይዛ የቀረች ወይም ወደ ምግብ የማትመጣ ከታየች በዚያው ቀን መለየት አለባት፤ ስለዚህ ተለዋጭ ዕቃ አስቀድሞ ያላዘጋጀ ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

ለአንባቢ የተተወ ሥራ፦ በሁለት ዓሦች መካከል ያለው ግርዶሽ ከውኃው ገጽ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ሁለቱም በ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ቢገኙና ከግርዶሹ እኩል ቢርቁ፣ እያንዳንዳቸው ስንት ሳንቲ ሜትር ሲርቁ በውኃው ገጽ ላይ በሚፈጠር ሙሉ ነጸብራቅ መተያየት ይጀምራሉ?