ረግረጋማ መሬትን መልሶ ማቋቋምና የማካካሻ ክሬዲት አሠራር

መግቢያ

ረግረጋማ መሬት ብዙ ጊዜ ሥራ ፈት መሬት ተደርጎ ይታያል። ነገር ግን ጨፌ የክረምቱን ውሃ ተቀብሎ ለበጋ ያቆያል፣ ደለል ያጣራል፣ ምንጭ ይመግባል፣ ሌላው መስክ በሚደርቅበት ወራትም ለከብት መኖ ይሆናል። በኢሉባቦር ገበሬው ለቤት ክዳን የሚያጭደው ሣርም ከጨፌ የሚገኝ ነው።

በአሜሪካ ረግረጋማ መሬት የሚያጠፋ ድርጅት በሌላ ቦታ እንዲተካ የሚያስገድድ አሠራር አለ። ማኅበራት የዚህ ዓይነት ውል ቢቀርብላቸው አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር ስላለ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

1. ክሬዲት ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ክሬዲት ሲባል ብድር ማለት አይደለም። ክሬዲት፣ የደረቀ ረግረጋማ መሬት ወደ ቀድሞ ሁኔታው ለመመለሱ በመንግሥት የሚሰጥና የሚሸጥ የልክ ማረጋገጫ ነው። መሬቱን አቋቁሞ ክሬዲት የሚሸጠው ወገን በአሜሪካ “ባንክ” ይባላል፤ ገንዘብ የሚቀመጥበት ባንክ ግን አይደለም።

በእ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የውሃ ንጽሕና ሕግ፣ በአንቀጽ 404 መሠረት፣ በሕጉ የተጠበቀ ረግረግን በአፈር ለመሙላት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ሰጪው የጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ክፍል ነው። ፈቃድ ጠያቂው የሚከተለው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው፦

ሀ. በመጀመሪያ ጉዳቱን ጨርሶ ማስቀረት፤
ለ. የማይቀር ከሆነ መቀነስ፤
ሐ. ከዚህ የተረፈውን ብቻ ማካካስ።

ማካካሻው በሦስት መንገድ ይፈጸማል። ድርጅቱ ራሱ ሌላ ረግረግ ያቋቁማል፣ ወይም ለዚሁ ሥራ ለተፈቀደለት ወገን ክፍያ ይፈጽማል፣ ወይም ከባንክ ክሬዲት ይገዛል።

2. አሠራሩ ለምን አስፈለገ?

በአሜሪካ 48 ክፍላተ ሀገር ውስጥ በ1780ዎቹ 89 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ረግረጋማ መሬት ነበር። በ1980ዎቹ የተረፈው 42 ሚሊዮን ያህል ነው። አብዛኛው የጠፋው ለእርሻ ተብሎ በቦይ ሲደርቅ ነው።

3. አንድ ምሳሌ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ በፍሎሪዳ ለሚያስፋፋው ግንባታ ማካካሻ እንዲሆን 3,400 ሄክታር ገደማ የሆነ የከብት እርባታ መሬት ገዝቶ፣ ዘ ኔቸር ኮንሰርቫንሲ ለተባለ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት አስረከበ። በኋላ በአካባቢው ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ባለሥልጣን ለራሱ ማካካሻ ሌላ መሬት ጨምሮበት ከ4,600 ሄክታር በላይ ሆነ። የተሠራው ሥራ በዋናው ቀላል ነው። ቀድሞ መሬቱን ለማድረቅ የተቆፈሩት ቦዮች ተደፈኑ፣ መጤ አረሞች ተወገዱ፣ መሬቱም በቁጥጥር ሥር በየጊዜው እንዲቃጠል ተደረገ። ክሬዲት የሚሸጡ ባንኮችም የሚሠሩት ይህን የመሰለ ሥራ ነው።

4. የታየው ጉድለት

በእ.ኤ.አ. 2001 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ባወጣው ጥናት፣ የጠፋውን ያህል የመተካቱ ዓላማ እንዳልተሳካ ገልጿል። ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ መሙላት አይከብድም፤ እንደ ወቅቱ የሚሞላና የሚጎድል ጨፌ መመለስ ግን ይከብዳል። ኩሬ ጨፌ አይደለም።

ከዚህም ሌላ፣ ክሬዲቱ የሚገዛው ከሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። በሄክታር ሲቆጠር ሒሳቡ የተዘጋ ቢመስልም፣ ጨፌው የጠፋበት መንደር ምንጩ ሲደርቅ በሩቅ ያለው ረግረግ አያጠጣውም።

በእ.ኤ.አ. 2008 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ይህን ለማረም የሥራ ውጤት መለኪያ፣ ቢያንስ የ5 ዓመት ክትትል፣ የገንዘብ ዋስትናና የመሬቱን የዘለቄታ ጥበቃ ግዴታ አድርጓል። ክሬዲቱም ውጤቱ እየታየ በየደረጃው እንጂ በአንድ ጊዜ አይለቀቅም።

5. ግዴታው ወደ ሻጩ ይዞራል

ማኅበራት ከሁሉ በላይ ሊገነዘቡት የሚገባው ይህን ነው። በአሜሪካው ደንብ ድርጅቱ ክሬዲት ሲገዛ፣ ማካካሻው እንዲሳካ የማድረጉ ኃላፊነት ከገዢው ወጥቶ በሻጩ ላይ ያርፋል። ገዢው ከፍሎ ይሄዳል፤ ሻጩ ግን ከመሬቱ ጋር ይቀራል። ዝናብ ቢጠፋ ወይም ጎርፍ የተደፈነውን ቦይ ቢከፍተው የሚጠየቀው እርሱ ነው። ገበያውም በሕግ ላይ የቆመ ነው። በእ.ኤ.አ. 2023 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ የሚጠብቃቸውን ረግረጎች አጥብቧል፤ ፈቃድ የማያስፈልገው ድርጅት ደግሞ ክሬዲት ለመግዛት አይገደድም።

6. ለማኅበራት የሚሰጥ ምክር

ክሬዲት መሸጥ ለአገራችን ገበሬ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። በወላይታ ሁምቦ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት 2,728 ሄክታር ተራራ ከልለው ደን እንዲያገግም በማድረግ ለዓለም ባንክ የካርቦን ክሬዲት ሸጠዋል። ያ የደን ነው፤ የረግረግ ሥራ ደግሞ በውሃ ስለሚለካ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። ስለዚህ የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ማኅበሩ ከመፈረሙ በፊት የሚከተሉትን አብሮ ይመርምር፦

ሀ. መሬቱ ለስንት ዓመት ይታሰራል? ሣር ማጨድና ከብት ማጠጣት ይፈቀዳል ወይ?
ለ. ሥራው ባይሳካ ኪሣራውን የሚሸከመው ማን ነው? ዋስትናውስ በማን ስም ተይዟል?
ሐ. የክትትሉን ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው?
መ. የውሃው ከፍታ ተለክቷል ወይ? በጨፌው ውስጥ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች ቆፍሮ፣ በየሳምንቱ ውሃው ከመሬት ወለል ምን ያህል እንደራቀ በልክ እንጨት እየለኩ ዓመቱን ሙሉ መመዝገብ ይጠቅማል። ይህ መዝገብ የሌለው ማኅበር ምን እንደሸጠ ማስረዳት አይችልም።

ማጠቃለያ

የደረቀን ጨፌ መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን ዓመታት ይፈጃል፣ ውጤቱም እርግጠኛ አይደለም። ያልደረቀውን መጠበቅ ግን ከሁሉ አስቀድሞ አዲስ ቦይ አለመቆፈርን ይጠይቃል። ስለዚህ ማኅበራት በመጀመሪያ በእጃቸው ያለውን ጨፌ እንዲጠብቁ፣ ቀጥሎ በቦይ የደረቀውን ለራሳቸው ጥቅም እንዲመልሱ፣ ክሬዲት መሸጥን ግን ግዴታውን አንቀጽ በአንቀጽ ካወቁ በኋላ ብቻ እንዲያስቡበት እንመክራለን።