ምዕራፍ 4፦ የተኛ ሕፃን፣ የሚሠራ አንጎል

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ አራስ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ጨቅላውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ተኝቶ ነው። በጊዜው የተወለደ ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 የሚሆነውን በእንቅልፍ ስለሚያሳልፍ፣ ይህን ረጅም ጊዜ እንደ ዕረፍት ብቻ መቁጠር የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሲወለድ የአዋቂን አንጎል ክብደት ሩብ ያህል የነበረው አንጎሉ አንድ ዓመት ሳይሞላው እጥፍ ያህል የሚያድግ ሲሆን፣ የዚህ ግንባታ ሰፊ ክፍል የሚከናወነው ሕፃኑ ዓይኑን ጨፍኖ ባለበት ሰዓት ነው።

ሁለቱ የእንቅልፍ ዓይነቶች

የጨቅላ እንቅልፍ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ንቁ እንቅልፍ ይባላል፤ በዚህ ጊዜ የሕፃኑ ዓይኖች ከቆባቸው ሥር ወዲያና ወዲህ ይላሉ፣ ከንፈሩ እንደሚጠባ ይንቀሳቀሳል፣ ፈገግ ይላል፣ ጣቶቹና እግሮቹ ድንገት ድንገት ይንቀሳቀሳሉ፣ ትንፋሹም አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ይላል። ሁለተኛው ጸጥተኛ እንቅልፍ ሲሆን፣ ሰውነቱ የሚረጋበት፣ ትንፋሹም እኩል የሚሆንበት ነው። አዋቂ ሰው ከእንቅልፉ በንቁው ዓይነት የሚያሳልፈው ሩብ ያህሉን ሲሆን ጨቅላ ግን ግማሽ ያህሉን ያሳልፋል፤ ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃን ደግሞ ድርሻው ከዚህም ይበልጣል። አንዱ የእንቅልፍ ዙር በአዋቂ 90 ደቂቃ ያህል ሲፈጅ በጨቅላ ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ብቻ ስለሚፈጅ፣ ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ መንቃቱ ተፈጥሯዊ እንጂ የእናቲቱ ጉድለት አይደለም።

ይህን ልዩነት ለሳይንስ የገለጠው የዓይን እንቅስቃሴ ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተኙ ሕፃናትን ዓይን በትዕግሥት ይከታተል የነበረው ዩጂን አሰሪንስኪ፣ ከመምህሩ ከናታንኤል ክላይትማን ጋር እ.ኤ.አ. በ1953 ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን የእንቅልፍ ዓይነት ለዓለም አሳወቀ። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1929 ያስተዋወቀው፣ ራስ ቅል ላይ በሚለጠፉ ትንንሽ ብረቶች የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግበው ዘዴም በዚህ እንቅልፍ ጊዜ የሚታየው ሞገድ ከነቃ ሰው ሞገድ ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። በጸጥተኛው እንቅልፍ ግን የጨቅላው ሞገድ ለጥቂት ሴኮንዶች ጎላ ብሎ ይነሣና ለጥቂት ሴኮንዶች ይቀንሳል፤ ይህ መፈራረቅ ከተወለደ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ባለው ጊዜ የሚጠፋ በመሆኑ፣ ሐኪሞች የአንጎልን ብስለት ከሚለኩባቸው ምልክቶች አንዱ ነው።

አንጎል ተኝቶ ምን ይሠራል?

ተመራማሪው ሃዋርድ ሮፍዋርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1966 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ የውጭውን ዓለም ገና ብዙ ያላየው አንጎል ለእድገቱ የሚያስፈልገውን ማነቃቂያ በንቁ እንቅልፍ ጊዜ ከራሱ ከውስጥ ያመነጫል። ሌላው ተመራማሪ ማርክ ብሉምበርግ በአይጥ ግልገሎች ላይ ያካሄዳቸው ጥናቶችም እያንዳንዱ ድንገተኛ የእጅና የእግር እንቅስቃሴ ወደ አንጎል መልእክት እንደሚልክ፣ አንጎሉም በዚህ አማካይነት የገዛ አካሉን እንደሚያውቅ ያመለክታሉ። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ጥናት፣ ከተወለዱ አንድ ወይም ሁለት ቀን የሆናቸው ሕፃናት ተኝተው ሳሉ አንድ ድምፅን ተከትሎ ቀለል ያለ አየር ዓይናቸው ላይ ሲነፍስባቸው፣ ቆይተው ድምፁን ብቻ ሲሰሙም ዓይናቸውን ጨፈን ማድረግ እንደሚማሩ አሳይቷል።

ቀንና ሌሊትን ማስለመድ

በአንጎል ውስጥ ቀንና ሌሊትን የሚለየው የተፈጥሮ ሰዓት ሲወለዱ ገና አልተስተካከለም፤ እንቅልፍን የሚያመጣው ሜላቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር በሌሊት በዝቶ በቀን የሚያንሰው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ገደማ ነው። እስከዚያው ድረስ ሜላቶኒን በሌሊቱ የእናት ጡት ወተት ውስጥም ስለሚገኝ፣ ሌሊት ማጥባት ምግብም የጊዜ ምልክትም ነው። እንደ ወልቂጤና ቡታጅራ ባሉ የጉራጌ ከተሞች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ግድም ወጥታ በ12 ሰዓት ግድም የምትጠልቅ በመሆኗ፣ ሕፃኑን በቀን ብርሃን ባለበት ክፍል ማቆየትና በሌሊት መብራትን፣ ጫጫታንና ጨዋታን መቀነስ ይህን ሰዓት ያግዘዋል። በተለይ በመስቀል ሰሞን፣ ከአዲስ አበባና ከሌላም ስፍራ የመጣው ዘመድ ቤቱን በሚሞላበት ጊዜ፣ ሕፃኑን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ከማስነሣት ይልቅ ፈንጠር ባለ፣ የማገዶና የዕጣን ጭስ በማይደርስበት ስፍራ ከእናቱ ጋር ማሳረፍ እውነተኛ ስጦታ ነው።

የእናቲቱም ዕረፍት ከሕፃኑ እንቅልፍ ተለይቶ አይታይም። በቡታጅራ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት የአእምሮ ጭንቀት የበረታባቸው እናቶች ጡት ማጥባት ለመጀመር የመዘግየት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ስለዚህ አያትና ባል፣ አክስትና ጎረቤት ሥራውን ተካፍለው እናቲቱን ሕፃኑ በተኛበት ሰዓት እንድትተኛ ማድረጋቸው ለሕፃኑም አንጎል ይጠቅማል።

እንቅልፍ መቼ ያሳስባል?

ጨቅላን በጀርባው፣ ጠንከር ባለ መኝታ ላይ ማስተኛት ይገባል፤ ብርድን ወይም ምችን በመፍራት ፊቱን መሸፈን ግን ትንፋሹን ሊያፍነው ይችላል። በእንቅልፍ ጊዜ የሚታየው ድንገተኛ እንቅስቃሴ ሲነቃ የሚቆም ከሆነ ጤናማ ነው፤ እጁን ወይም እግሩን ሲይዙት የማይቆም መንቀጥቀጥ ግን የሚጥል በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት ያለበት ሕፃን ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ጡት እንቢ ካለ፣ ትንፋሹ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ገላው ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ “እንቅልፍ ወዶ ነው” ብሎ ማደር ሕይወቱን ሊያሳጣው ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መውሰድ ግድ ነው። ጠብቶ የጠገበና ሲቀሰቅሱት የሚነቃ ሕፃን ግን ዓይኖቹ ከቆባቸው ሥር ሲመላለሱ ሲታይ፣ አንጎሉ ሥራ ላይ ነውና አለመቀስቀስ ይገባል።