ከኢድ ሶላት በኋላ የሚቀረው

ኢድ ሲሆን ከኮልፌ ተነስተን፣ ተክቢራ እያልን ስታዲየም እንወርዳለን። ሰግደን ስንመለስ ግን ያነጠፍነው ላስቲክና የውሃ ፕላስቲኩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል፤ ማጽዳቱ ለጥቂት ወጣቶች።

የአዲስ አበባ ቆሻሻ ለአሥርት ዓመታት የተከመረው እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። የጣልነው ከዓይናችን ይርቃል እንጂ አይጠፋም፤ ጎረቤት ደጃፍ ይቆለላል። ጎረቤት ደግሞ ሐቅ አለው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎጂን ነገር ከመንገድ ማንሳት የኢማን ክፍል መሆኑን አስተምረውናል። ለቀጣዩ ኢድ በላስቲክ ፋንታ መስገጃ፣ ውሃም በኮዳ ከቤት እንያዝ። ኹጥባው ሲያበቃ፣ ሳንበተን ዙሪያችንን እናንሳ፤ ፕላስቲኩን ለብቻ ካደረግነው ቁራሌው ይወስደዋል።

አላህ ይወፍቀን።