ዕቃው አለ፣ አሠራሩ ጠፍቷል

ዲስቶፒያ የሚባለው፣ አስከፊ መጪ ዘመንን የሚስል ድርሰት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቴክኖሎጂን የጨቋኞች መሣሪያ አድርጎ ያቀርባል። ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው «1984» ልቦለድ፣ ሰዎች የሚመለከቱት ቴሌቪዥን እነርሱንም መልሶ ይመለከታቸዋል።

በኢትዮጵያ የተቀረጸውና ዳንኤል ታደሰ የተወነበት «ክራምስ» (እ.ኤ.አ. 2015) የተሰኘው የአማርኛ ፊልም ግን ሌላ ሥጋት ያነሣል። ዝገት የበላው የጠፈር መርከብ ሰማይ ላይ ተንሳፍፏል፤ የፕላስቲክ አሻንጉሊትም እንደ ውድ ቅርስ ይገበያያል። ዕቃው ተርፏል፤ ዕውቀቱ ግን የለም።

የፊዚክስ መምህር ነኝና፣ ከኦርዌል ይልቅ ይህ ያስፈራኛል። እዚህ ፀዳ ስልክ ያልያዘ ተማሪ ብርቅ ነው፤ ስልኩ ድምፃችንን እንዴት እንደሚያደርስ ስጠይቅ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማይክሮፎኑ የድምፅን ግፊት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል፤ ምልክቱም ወደ ቁጥር ተቀይሮ በራዲዮ ሞገድ ይጓዛል።