ስለ እንዶድ ምርምር

እንዶድ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የልብስ ማጠቢያ ነው። ፍሬው ደርቆ፥ ተወቅጦ፥ በውሃ ሲበጠበጥ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ሊቅ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ ለመመርመር ወደ ዐድዋ ሄዱ። የዚህ በሽታ ትል በውሃ ቀንድ አውጣ ሥጋ ውስጥ አድጎ ይወጣና፥ በወንዝ የሚታጠበውን ወይም የሚሻገረውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ የሚያድግበት ማደሪያ የለውም። ሊቁም በወንዙ ዳር ሲመለከቱ፥ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አገኙ። ማየትስ ማንም መንገደኛ ያያል፤ ለምን ሞተ ብሎ መጠየቅ ግን የምርምር መዠመሪያ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ለአንድ ዕውቀት ብቻ የሚበቃ አልኾነም። ገዳዩ ነገር ምን እንደ ኾነ ለመለየት የኬሚስትሪ ዐዋቂ፥ የተሻለውን ዘር መርጦ ለማብቀል የእርሻ ዐዋቂ አስፈለገ፤ በዚህም ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ብዙ ደከሙ። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል መጠኑን መለካት ግድ ኾነ። ደግሞም ልጆች የት እንደሚዋኙ፥ ሴቶች ከየት እንደሚቀዱ፥ ይህ ኹሉ ከሕዝቡ ካልተጠየቀ ከላቦራቶሪ አይገኝም።

ኹለቱ ሊቃውንት በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በሽተኛው የሚታከመው ፕራዚኳንቴል በሚባል እንክብል ነው፤ ድኖ ወደዚያው ወንዝ ቢመለስ ግን እንደ ገና ሊይዘው ይችላልና፥ ቀንድ አውጣውን የማጥፋት ነገር አልተተወም።